ጎድን ከጎድን፣ ጉበት ከጉበት

በአሰላ የፈረስ በዓል የክርስቲያኑን ዳስ ያበላሁ እኔ ነኝ፣ ማሚቱ። የሙስሊሙን ዳስ ያበላችው ደግሞ አስያ ናት፣ የቅቤ ነጋዴው የከዲሮ ሚስት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዛሬ ዛሬ ማንም ብድግ እያለ «ለዚያ በዓል ወጥ ትሠራ የነበረችው እናቴ ናት» ሲል ስለምሰማ ነው። እናቱ ሽንኩርት ልጣ ይሆናል። ሽንኩርት የላጠ ሁሉ ባለሙያ ከተባለማ አለቀልን!

በዓሉ በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠጠር ማለት ሲጀምር፣ ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ ይውላል። ከሮቤ፣ ከጮሌ፣ ከአርቦዬ ፈረሰኛው ይጎርፋል። ኮሚቴው ግን ገና ዝናቡ ሳያባራ ነው መሰብሰብ የሚጀምረው። ማን እንጨት ያምጣ፣ ማን ዳስ ይትከል፣ ፈረሱ የት ይታሰር፣ ባንዲራው በየት በኩል ይውለብለብ፤ ለዚህ ሁሉ ሲጨቃጨቁ ይመሻል። ሊቀ መንበሩ ባላምባራስ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ግን ሥርዓት የሚባል በሽታ ነበረባቸው። ቤታቸው ሚስማር እንኳ በቁመቱ ተደርድሮ ነው የሚቀመጠው። ለቅሶ ቤት ገብተው የሰዉን ጫማ ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲደረድሩ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ ሬሳው ገና አልወጣም ነበር። ለበዓሉም ያገኙትን ሁሉ በገመድ ይከልላሉ። ለፈረሱ ገመድ፣ ለተመልካቹ ገመድ፣ በሁለቱ ዳሶች መሀል ደግሞ ትልቁ ገመድ።

በሬ ሁለት ነው የሚታረደው። አንዱን የኛው አራጅ ሣህሌ በስመ አብ ብሎ ይባርካል፣ አንዱን የእነሱ አራጅ አብዶ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ቢላው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ። በዚህ ቅር የተሰኘ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም በየዳሱ ይበላና ገመዱ ጋ ተገናኝቶ ይጫወታል፣ ፈረስ ያያል፣ ይሰዳደባል፣ ይስቃል።

የኛ ጣጣ ሌላ ነው። ከኔና ከአስያ ማን ትበልጣለች? ይህን የሚፈርድ ምላስ በአርሲ ምድር አልነበረም። የኔን ወጥ የቀመሰ የእሷን አይቀምስም፤ የእሷን የቀመሰ የኔን አይነካም። የቀረን አፍንጫ ብቻ ነው። ማሽተት ማንም አልከለከለም። ነፋሱ ከእሷ ዳስ ወደኛ ሲዞር የኔ እንግዶች ማኘካቸውን ይተዉና አንገታቸውን ያቀናሉ። እኔ ላቤን አንጠፍጥፌ የሠራሁትን አፋቸው ውስጥ ይዘው! ደሜ ይፈላ ነበር።

እኔም ታዲያ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። አንድ ዓመት ነፋሱ ወደ እነሱ እስኪዞር ጠብቄ ኮረሪማ እፍኝ ሙሉ እሳት ላይ በተንኩ። የሙስሊሙ ዳስ በሙሉ ወደኔ ዞረ። አስያ ጭልፋዋን ይዛ ገመዱ ድረስ መጥታ «ወጥ ሲያቅትሽ ጭስ ጀመርሽ?» አለችኝ። በተከታዩ ዓመት እሷ የተነጠረ ቅቤ ፍም ላይ አፈሰሰችና ቄሳችን ሳይቀሩ ጉርሻቸውን ይዘው ቀና አሉ። ብድሯን መለሰች።

ሽሮ አትቀማመሱም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሙያ በሽሮ አይፈረድም፤ በዕድሜያችን ሙሉ ሁለታችን የተስማማንበት ነገር ይህ ብቻ ነው። ደግሞስ እኔ የእሷን ቤት ምግብ ልቀምስ? ሥጋውን ሃይማኖት ከለከለን፤ የቀረውን ትዕቢት ከለከለን። በየገበያው ተገናኝተን ተነካክሰን እንለያያለን እንጂ አንዳችን የሌላችንን እንጎቻ እንኳ ቀምሰን አናውቅም።

እንዲህ ስንኖር አንድ ዓመት ኮሚቴው ተሰብስቦ ሳለ ባላምባራስ «ለሚመጣው ዓመት በአስያ ቦታ ሌላ ሴት ይታሰብ፤ ከዲሮ ሱቁን ወደ ሮቤ ሊያዛውር ነው» አሉ። ደስ አላለኝም። ሄዳ ብትገላግለኝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር እኮ የማስበው! ማክሰኞ ገበያ አገኘኋት።

«እውነት ነው ወይ ልትሄጂ ነው የሚሉት?»

«ሰኞ፣ ከበዓሉ በኋላ። ምነው፣ ደስ አለሽ?»

«እንዴታ! ጠላ እጠምቃለሁ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። «እኔን የሚቆጨኝ ግን» አለች፤ «ማን እንደምትበልጥ ሳይታወቅ መሄዴ ነው፣ ወላሂ።»

«ይታወቃል እንጂ።»

«ማን ናት?»

«እኔ ነኛ!»

«ያ ማሚቱ! አፍሽ እንደ ወጥሽ ቢጣፍጥ ኖሮ!»

«ወጤን የት ቀምሰሽው ነው የምታውቂው?»

ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ሴትዮዋ ሰኞ ልትሄድ፣ ነገሩ ሳይለይለት እኔ እዚህ ስብሰለሰል ልቀር! ለዚያ በዓል ማንም ሠርቶት የማያውቀውን ወጥ እሠራለሁ፣ ሽታው ብቻውን ያስፈርዳል ብዬ ተነሳሁ። እሷም እንደዚያው ሳታስብ አልቀረችም፤ ከገበያው የኮረሪማውን ግማሽ ገዝታ ሄዳለች ሲሉ ሰማሁ።

ክረምቱ በዚያ ዓመት ከባድ ነበር። ሥጋ ከሚቀመጥባቸው ሁለት ጎጆዎች አንዱ ፈርሷል። ስለዚህ የሁለቱም በሬ ሥጋ ባልፈረሰው ጎጆ ይዋል ተባለ። በቀኝ የሣህሌ፣ በግራ የአብዶ፣ መሀሉን በኮባ ቅጠል ከለልነው። የበዓሉ ዕለት ጠዋት በሬዎቹ ታርደው፣ ብልታቸው ወጥቶ፣ ሥጋው በየወገኑ ተሰቀለ። ወዲያው የጮሌ ፈረሰኞች ሜዳው ውስጥ ሲገቡ እልልታው ቀለጠ። ሣህሌ ሮጠ፣ አብዶ ሮጠ፣ የጎጆው ጠባቂ ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ። ፈረሱ ሁሉ በጥልፍና በዘርፍ አጊጦ እየሰገረ ሲገባ ማን ይቀመጣል? ባላምባራስ ብቻ ቀሩ።

ስመለስ ጎጆው በር ላይ ቆመዋል። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል፣ ፊታቸው በላብ ርሷል፣ ደስታቸው ልክ የለውም።

«ነይ ማሚቱ፣ ነይ እስኪ ሥራ እዪ!»

ገባሁ። ኮባው ተነስቶ በሥርዓት ታጥፎ ጥግ ተቀምጧል። ጎድን ከጎድን ጋር ተሰቅሏል። ታፋ ከታፋ። ሻኛ ከሻኛ። ሁለቱ ጉበቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«እንዴት ተዝረክርኮ ነበር መሰለሽ» አሉኝ፤ «አንዱ ጉበት እዚህ፣ አንዱ ጉበት እዚያ! አሁን ጎድን ብትዪ ጎድን፣ ምላስ ብትዪ ምላስ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታነሺዋለሽ።»

«ባላምባራስ» አልኳቸው፤ «የሣህሌ የትኛው ነው?»

«ምኑ?»

«ጉበቱ።»

ወደ ጉበቱ አዩ። ወደኔ አዩ። እንደገና ወደ ጉበቱ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው የበርጩማውን ጫፍ ፈልገው ቁጭ አሉ።

«ወይኔ ወልደ ሚካኤል!»

አሰላ ተወልደው አሰላ ያረጁ ሰው! ሥርዓት ዓይናቸውን ጋርዷቸው ነው እንጂ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። እኔ ኡኡ አልኩ። አስያ ጩኸቴን ሰምታ ከነጭልፋዋ መጣች፤ ገብታ አየች፤ ምሰሶውን ተደግፋ ሳቀች። ሳቋ ሲጋባብኝ እኔም አቃተኝ። ባላምባራስ «ሥርዓት አስይዤው እኮ ነበር» ባሉ ቁጥር እንደገና እንፈርሳለን።

ሣህሌ መጣና «የኔን ቢላ አቆራረጥ አውቃለሁ» ብሎ አንድ ጎድን ያዘ። አብዶም መጥቶ ያንኑ ጎድን ያዘ። የሚገርማችሁ ሁለቱም የየራሳቸውን የሚያውቁት ሥጋው የሰባ ከሆነ ብቻ ነው፤ ከሲታውን የኔ ነው ያለ አልተገኘም። ቄሱም ሼኩም ተጠሩ። ገብተው አዩ፣ ተያዩ፣ በአንድ አፍ «አይበላም» ብለው ወጡ። በዚያን ሰሞን የአሰላ ውሻ ሁሉ ጮማ ጠግቦ መንገድ ላይ ተጋድሞ ነበር የሚውለው፤ ብትረግጡት እንኳ አይነሳም።

ሳቁ ሲበርድልን ግን ነገሩ ገባን። ሜዳው በእንግዳ ሞልቷል። ፈረሰኛው ከቤቱ ከተነሳ ሁለት ቀን አልፎታል። የሮቤ ሰዎች ድሮም በዓሉ ወደኛ ይምጣ እያሉ ሰበብ ይፈልጋሉ። ኮሚቴው ይሯሯጣል፣ አንዱ ዶሮ ይላል፣ አንዱ እንቁላል ይላል። እኔን ግን ሆዴን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሥጋ የለም ማለት ወጥ የለም፤ ወጥ የለም ማለት ሽታ እንኳ የለም። አስያ ሰኞ ትሄዳለች፣ ነገሩ እንዲሁ ሊቀር ነው። ሰው ባያየኝ ኖሮ ድስቴ ላይ ተደፍቼ አለቅስ ነበር።

የፈረሰኞቹ አለቃ ኦቦ ጉደታ ነገሩን ቆመው ሰሙ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ቅቤ አለ?» አሉ።

«ሞልቷል፤ ለወጡ የተነጠረ» አልኳቸው።

«ለፈረሰኛው ስንቅ የተፈጨው በሶስ?»

«በጆንያ ነው ያለው።»

«እንግዲያ ምን ጠፋ ብላችሁ ነው የምትንጫጩት? ጭኮ አብሉን።»

አስያ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ለሁለታችንም እኩል ነው የበራልን። ጭኮ በሶና ቅቤ ነው፤ ሥጋ የለበትም። ጭኮን ቄሱም ይበሉታል፣ ሼኩም ይበሉታል። የኔንም፣ የእሷንም!

«እንግዲህ በአንድ ገበቴ አዋህዳችሁ ሥሩት» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል፣ ሥራ ለማቅለል ብሎ።

«በጭራሽ!» አልነው ሁለታችንም።

እሷ በገበቴዋ፣ እኔ በገበቴዬ ገጠምን። ቅቤዬን እንደገና ለብ አድርጌ፣ ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን መጥኜ፣ በሶውን በላዩ ላይ ቀስ እያልኩ ነሰነስኩ። ከገመዱ ማዶ አስያ አጎንብሳ ታሻለች። አንዴ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ ሁለታችንም ወዲያው ዞር አልን።

ዳስ ለየብቻ መቀመጡ ትርጉም ስላጣ ባላምባራስ ትልቁን ገመድ በእጃቸው ፈቱ፤ ፈተውም እኩል እኩል ጠቀለሉት። ሰዉ ከአንዱ ገበቴ ዘግኖ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ዞሮ ይመጣል። በዚያች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለታችንንም እጅ ያወቀ ሆድ ተገኘ። እንግዲህ ፍረዱ አልናቸዋ!

ፈሪ ሁሉ! «ሁለቱም ጥሩ ነው» ይላል አንዱ፤ ከንፈሩን ይጠርግና ይሄዳል። «እጃችሁ ይባረክ» ይላል ሌላው። ሣህሌን አንገቱን ይዤ ጠየቅሁት፤ «እኔ የሥጋ ሰው ነኝ» አለኝ። በመጨረሻ ኦቦ ጉደታ ይፍረዱ ተባለ፤ ሰዉ ከበባቸው። ሽማግሌው በቀኝ እጃቸው ከኔ ዘገኑ፣ በግራ መዳፋቸው ላይ አኖሩት፤ ከአስያም ዘገኑና እዚያው ላይ ጨመሩት። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አሽተው፣ አድበልብለው፣ ዋጥ አደረጉት።

«ይጣፍጣል» አሉ።

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ባላምባራስ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፣ ከንዴት የተነሳ። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ አስያም ይህን አውቃው ኖሮ ገበቴዋን ታቅፋ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«ቅመሺ» አለችኝ።

ቀመስኩ። መጀመሪያ ገብሱ መጣ፣ በደንብ የታመሰ፣ ያላረረ። ከኋላው ቅቤው መጣ። ከዚያ ሳላኝከው ቀልጦ ሄደ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ዘገንኩ። አልተሳሳትኩም። ትበልጠኛለች። በጥቂት አይደለም፤ በብዙ ትበልጠኛለች። 

ቀና ብዬ ሳያት ደግሞ ገበቴውን ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። አስያ ፈርታለች! ያቺ ለማንም የማትመለስ ሴት የኔን አፍ እያየች ምራቋን ትውጣለች። ሽማግሌው ያለው፣ ሜዳው ያለው ደንታዋ አልነበረም። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የምትጠብቀው የኔን ምላስ ነው። እኔስ የማንን ስጠብቅ ኖርኩ?

«ትበልጪኛለሽ» አልኳት። ከዚያም ሰዉ እንዲሰማ ዞሬ ጮህኩ። «ሰማችሁ? ትበልጠኛለች!»

 ደስ ይላታል፣ ታቅፈኛለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ሲቀላ አየሁ።

«ስለምሄድ ነው አይደል?» አለች።

«ምን?»

«ስለምሄድ አዘንሽልኝ! መሸኛ አደረግሽው! እኔ ምፅዋት ጠየቅሁሽ?»

«እውነቴን ነው እኮ!»

«አንቺ መቼ እውነት ተናግረሽ ታውቂያለሽ?»

ይታያችሁ! በዕድሜዬ አንዴ ከአንጀቴ እውነት ብናገር ዋሾ ተባልኩ። ደሜ ፈላ። ገበቴውን ከእጇ መነጨቅሁ።

«ገበቴዬን አምጪ!»

«አልጨረስኩም!»

«ማሚቱ፣ ገበቴዬን አምጪ አልኩሽ!»

ታቅፌው ሮጥኩ። የልጆች እናት ነኝ፣ ነጠላዬ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ፈረስ በሚጋልብበት ሜዳ መሀል ሮጥኩ። አስያ ከኋላዬ ትሮጣለች፤ ፈረሰኛው ያፏጫል። ባላምባራስ ደግሞ «በተመልካቹ ገመድ በኩል! ምን ዓይነት ሥርዓት ነው፣ በገመዱ በኩል ሩጡ!» እያሉ ይጮሃሉ። ቤቴ ገብቼ በሩን ቀረቀርኩት። ደጄን ስትደበድብ ቆይታ ተሳድባ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ከዲሮ ዕቃውን ትሬንታኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ሲያስጭን አስያ ብቻዋን መጣች። ሰላምም አላለችኝ።

«ገበቴዬን።»

አምጥቼ ሰጠኋት። ወደ ውስጡ አየች። ግማሹ ተርፎ ሻግቶ ታገኘው መስሏት ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ጣቷን በገበቴው ውስጥ ዙሪያውን አዞረችና ጣቷን አየችው። ቅቤ እንኳ አልነካውም።

«ለማን አበላሽው?»

«ለማንም።»

«ልጆችሽስ?»

«ለመኑኝ። አልሰጠኋቸውም።»

ቆማ አየችኝ። እናት ከልጇ የምትደብቀው ምግብ ምን ዓይነት እንደሆነ ለአስያ መንገር አያስፈልግም።

«ስግብግብ!» አለችኝ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ገበቴው በመሀላችን ሆኖ ደረቴን ይወጋኛል፣ እኔም አልለቃት አልኩ። ከዲሮ ከመንገድ ላይ እየደጋገመ ተጣራ።

መኪናው ሲነሳ አስያ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አልቻልኩም። እስከ ሮቤ እያለቀሰች ከምትሄድ እየተናደደች ትሂድ ብዬ ከመኪናው ጎን እየሮጥኩ ጮህኩ።

«ጨው ግን ጎድሎታል!»

ነጠላው ከፊቷ ወረደ። ራሷን በመስኮቱ አውጥታ፣ እጇን እያወራጨች መለሰችልኝ። ሞተሩ ጮሆ ቃሉን አልሰማሁትም፤ ስድብ እንደነበር ግን ከአፏ አውቄዋለሁ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ስትሰድበኝ ቆየች፤ እኔም መንገዱ መሀል ቆሜ አለቀስኩ።